የክቡር ዳይሬክተሩ ዳሌ

በጥላ ፈቃድ ባለሥልጣን የሥራ ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጣሪያው ላይ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኞች የጎልፍ ዱላቸውን ይዘው በመደዳ ይቆማሉ። ኳስ የለም። ደወሉ ሲደወል አርባ ጊዜ አየር ይመታሉ። ታች መስኮቶቹ ፊት ደግሞ ባለጉዳይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ባለጉዳዩ የሚፈልገው በቀትር ከዛፍ ሥር ለመቆም የሚያስችል ወረቀት ነው። በ2091 ዓ.ም. በከተማዋ የቀሩት ዛፎች በሙሉ ጎልፍ ሜዳ ውስጥ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ጥላ ውስጥ መቆም ያስቀጣል። ሣሩ በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ ሰፈሩ ማክሰኞና ዓርብ። ከለመዱት ሁሉም ነገር ይለመዳል፣ ማንም ይህን እንደ ነገር አያነሳውም።

ባሮክ ጥዑመልሳን የሚቆመው ከኋላ ሦስተኛው መደዳ ላይ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈው እዚሁ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። የትኛው ዛፍ በየትኛው ሰዓት ወዴት እንደሚያጠላ በቃሉ ያውቃል፤ አለቆቹ ነገር ሲጠፋባቸው የሚያስጠሩት እሱን ነው። ይህ ሁሉ እውቀት ግን ለሹመትም ለእንጀራም አይጠቅምም፣ ምቱ መጥፎ ነዋ! በመጀመሪያው የምት ፈተና ከመቶ አርባ አንድ አገኘ። በሁለተኛው አርባ አራት። ማለፊያው ሰማንያ ነው። ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻው ሲሆን፣ እሱን የወደቀ ሠራተኛ ሥራውንም መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ቤትም ያስረክባል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ የሚያስታውሱ ጥቂት ናቸው። በፊት አለቆች ብቻ ጎልፍ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ አለቃ ማነጋገር የፈለገ ሁሉ ሜዳ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ስብሰባው ጠቅልሎ ሜዳ ገባ፤ ሜዳ የማይወጣ ሰው ስለ ምንም ነገር የማያውቅ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ፣ የሰው ብቃት ከምቱ የሚታወቅ ከሆነ ለምን በቀጥታ ምቱን አንለካም አለ። ተጨበጨበለት።

ታዲያ መለኪያው የማን ምት ይሁን? ለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አራት ወር አጠና፣ ሦስት አገር ለልምድ ልውውጥ ሄደ፣ በሆቴሎቹ ቁርስ ወፈረና ተመለሰ። በዓለም ላይ ካሉት ምቶች ሁሉ የላቀው የራሳችን የዋና ዳይሬክተሩ የክቡር ዶክተር ኢዮስያስ ተሰማ ምት መሆኑንም በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ። ከሰባት ዓመት በፊት ምቱ ውጤት ለሚሰጥ አንድ ማሽን ተሰጠ። ማሽኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛውን ሁሉ ከዶክተር ኢዮስያስ ጋር እያስተያየ ውጤት ይሰጣል። መመሪያው ዘጠኝ አንቀጽ አለው። ግራ እግር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጣቱ ወደ ውጭ አይዞርም። ዳሌ አይንቀሳቀስም። ሰባተኛው አንቀጽ ዱላው ኳሱን በሚያገኝበት ቅጽበት ራስና ትከሻ ወደ ታች ሰበር እንዲሉ ያዛል። አንድ ደፋር ሠራተኛ ይህ ሰበር ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቆ ነበር። «ትህትና ነው» ተባለ። ጠያቂው ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ።

ባሮክ ጎፋ ከሚገኘው፣ መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው የምድር ቤት መኖሪያው ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ የሚሠራው ሥራ አለ። ባለቤቱ ሶስና ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣታል፣ ጉልበቷን በጉልበቱ ይደግፋል፣ እጁን በብብቷ ሥር አሳልፎ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። ሦስት ሳይል ያነሳታል። ከዚያ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ በሩ ላይ ወዳለው ፀሐይ። ማታም እንዲሁ በተራው። በዚህ ዘመን ለእያንዳንዱ ዳይሬክተር የዱላ ከረጢት ተሸክሞ የሚከተል ማሽን አለ። ሰው የሚያነሳ ማሽን ግን በመመሪያው አልተካተተም።

«ዛሬ ወገብህን ይዘህ ነው የተነሣኸው» አለችው ሶስና አንድ ቀን፣ ወንበሩ ላይ ስትደላደል።

«ብርድ ነው።»

«ብርድ በግራ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?»

በእርግጥ ሕመሙ በግራ በኩል፣ ከቀበቶው ዝቅ ብሎ ነበር፤ በየቀኑ ከአርባው ምት በኋላ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘዋል። አላፊ ነው ብሎ ተወው። ሰው ስለ ገዛ ወገቡ እንዲህ ይዋሻል።

በዚያው ቀን የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ ኤልዳና ጠራችው። ገና አርባ ያልሞላት ሴት ናት፤ በቀሚሷ ላይ ሰፊ የወገብ ቀበቶ ታጥቃለች፤ ስትቀመጥም ስትነሣም የጠረጴዛውን ጠርዝ ትይዛለች። ይህ በመሥሪያ ቤቱ የሁሉም ሰው አቀማመጥ ስለሆነ ባሮክ ልብም አላለውም።

«አቶ ባሮክ፣ ፈተናዎ ሐሙስ ነው። ሦስት ኳስ ይመታሉ፣ ከሦስቱ የተሻለው ይያዝልዎታል» አለችው። «የቤቶች ክፍሉ ቢወድቁ የሚዛወሩበትን ቦታ ለጥንቃቄ ያህል አዘጋጅቶልዎታል። ኮዬ፣ አርባ ሦስተኛ ፎቅ።»

«አሳንሰሩ ይሠራል?»

«በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራል። እይታው ግን በጣም ደስ ይላል።»

ባሮክ አመስግኖ ወጣ። አመስግኖ! ደረጃው ላይ ሲደርስ ነው ምን እንዳመሰገነ ራሱን የጠየቀው።

መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ወጌሻ አለ፤ ጋሼ ይርዳው ይሉታል። ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል። ድሮ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበር፤ የእግር ኳሱ ሲቀር፣ ሜዳውም የጎልፍ ሣር ሆኖ ሲታጠር፣ እሱ እዚህ ተረሳ። ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይትና የሚያንቀላፋ የመብራት ቆጣሪ አለ። ባሮክ ሸሚዙን አውልቆ በሆዱ ተኛ።

«አትንገረኝ» አለ ጋሼ ይርዳው አውራ ጣቱን ሳያመነታ ሕመሙ ላይ እያሳረፈ። «እዚህ ጋ፣ አይደል?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ይኸን አልጋ የረገጠ ሁሉ እዚሁ ጋ ነው የሚያመው። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት መቶ ሰው አሽቻለሁ። ሁለት መቶ ሰው፣ አንድ ወገብ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ተላላፊ በሽታ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩን ይዘጉት ነበር። ተነሥና ቁም እስኪ።»

ባሮክ ቆመ። ሽማግሌው በቁምጣው አስቁሞ ዙር፣ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን ወደ ፊት ግፋ እያለ መረመረው። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ አፉን ሞልቶ ሳቀ።

«ይኼ መቼ ነው የተሰበረው?»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ኳስ ስጫወት።»

«ከተሰበረ ጀምሮ አይታጠፍም። ስማኝ ባሮኬ፣ ሰው ዱላ ሲያወናጭፍ የሚዞረው ዳሌውና ደረቱ ነው። ወገብ ለመዞር አልተፈጠረም፣ ለመሸከም ነው የተፈጠረው። አንተ ዳሌህ ደህና ነው፣ እንደ ወጣት ይዞራል። ግን እግርህን ቀጥ አድርገህ ስትቆም ቁርጭምጭሚትህ ይቆልፍሃል፤ ዳሌህ መሄጃ ያጣል፤ ወገብህ በእሱ ፈንታ ይዞራል። ግራ እግርህን ወደ ውጭ ከፈት አድርግ። እንዲህ። ዱላውን ወደ ኋላ ብዙ አትውሰደው፣ እስከ ትከሻህ ይበቃል። በል ምታ።»

ባሮክ አሮጌ ዱላ ይዞ መታ። ዱላው በአየሩ ውስጥ ፉጨት እያሰማ አለፈ፤ ምንም አላመመውም። ደገመው። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመታ በኋላ ፊቱን አላጨማደደም።

«ታዲያ መመሪያው ለምንድን ነው እግር ቀጥ ይበል የሚለው?»

ጋሼ ይርዳው በሩን ዘጋ። ሰባ አምስት ያለፈው ሰው ነው፣ ቢሆንም በሩን ዘጋ።

«ዶክተር ኢዮስያስ ከኮሚቴው ጋር ለዚያ ለልምድ ልውውጥ የሄዱ ጊዜ፣ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራትተው ወደቁ። ግራ ዳሌያቸው ከዚያ ወዲህ አልዞር ብሏል። እኔ ነኝ ያሸሁት፣ በነዚህ እጆቼ! ሲመቱ እግራቸውን ቀጥ የሚያደርጉት ስለማይከፈትላቸው ነው። መጨረሻ ላይ ሰበር የሚሉት ስለሚያማቸው ነው። አየህ ትህትናቸውን? ሕመም ነው! የታመመ ሰው እንዳያመው የሚያደርገውን ነገር ሦስት መቶ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ እየተማረ ታመመ።»

ባሮክ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። መሳቅ ፈለገ፣ ግን ወገቡ ከለከለው። ሰባት ዓመት። በየቀኑ አርባ። ማንም፣ እሱም ጭምር፣ አንድ ቀን እንኳ አፉን አልከፈተም።

«አሁን የምነግርህን በደንብ ያዝ» አለ ወጌሻው። «የወገብህ ዲስክ ሊንሸራተት አፋፍ ላይ ነው። በራስህ አመታት ከመታህ ዕድሜህን ሙሉ ትመታለህ። በእሳቸው ከመታህ አንድ ወር አይቆይም። ከሁሉ የከፋው ግን እየዞርክ ማጎንበስ ነው፤ ዱላው እየወረደ እያለ አንድ ጊዜ ጎንበስ ካልክ አለቀልህ። ያን ጊዜ እኔ ጋ አትምጣ፣ የእኔ ዘይት አያድንህም።»

ማክሰኞ ነበርና ቤት ሲደርስ ውሃ መጥቶ ነበር። የሶስናን ፀጉር እያጠበ ሁሉንም ነገራት። ስለ ዳይሬክተሩ ዳሌ ሲነግራት ሳቀች፣ ስለ ፎቁ ሲነግራት ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ባሮክ ቤቱን ሊያተርፍ የሚፈልገው ለእሷ ሲል እንደሆነ ታውቃለች፤ ይህ ምድር ቤት ባይሆን ፀሐይ አታይም።

«በእሳቸው አመታት ብመታ እንኳ ሰማንያ አይሞላም ይሆናል» አላት። «ቢሞላ ግን ቤቱ ይተርፋል።»

«አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ።»

«እስኪ ተረጋግተን እንነጋገር» አለች ሶስና፣ ውሃው በግንባሯ ላይ እየወረደ። «ወገብህ ካለ አርባ ሦስተኛ ፎቅ ላይም ታነሣኛለህ። ወገብህ ከሄደ ግን እዚህ ቤት ውስጥ ማን ያነሣኛል? ዶክተር ኢዮስያስ? እኔን ቤቱ አያነሣኝም ባሮክ። የራስህን መትተህ ና። ይጣሉን።»

«ይጣሉን» አለ ባሮክም። ካለ በኋላ ቀለል አለው። በማግስቱ ዕቃ መሰብሰቢያ ካርቶን ፈልጎ አመጣ፣ ሶስናም በደህናው እጇ ሥዕሎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። ሰው ከቁርጡ በኋላ የሚያገኘው ሰላም አለ፤ ለሁለት ቀን ያህል ቤታቸው ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የፈተናው አዳራሽ ውስጥ አምስት ፈታኞች በረጅም ጠረጴዛ ተቀምጠዋል፣ አምስቱም ቀበቶ ታጥቀዋል። ወይዘሮ ኤልዳና መሐል ናት። ከግድግዳው ጋር ተራ የሚጠብቁ ሃያ ያህል ሠራተኞች አሉ። ባሮክ ምንጣፉ ላይ ወጥቶ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ከፈተ።

«አቶ ባሮክ» አለች ወይዘሮ ኤልዳና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግራ እግርዎ…»

«እንዲሁ ይሁንልኝ።»

በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ «እንዲሁ ይሁንልኝ» ያለ ሠራተኛ አልነበረም።

የመጀመሪያውን መታ። ኳሱ ጥርት ብሎ ሄዶ መረቡን መሐል ለመሐል መታው። እንዲህ ያለ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሌሎቹ ኳሶች የሚሄዱት ወደ መብራቱ ወይም ወደ ፈታኞቹ ነው። ማሽኑ አሰበና ሠላሳ ስምንት ሰጠው። ሁለተኛውን መታ፣ ከፊተኛው የባሰ ያምራል። ሠላሳ ስድስት። ከግድግዳው አካባቢ የሆነ ሰው «ውይ» አለ። ባሮክ ግን ፈገግ አለ። ወገቡ ደህና ነበር፤ ቤት ሄዶ ሶስናን ያነሣታል፣ ካርቶኑን ያስራል፣ ኮዬ ይወጣል። በቃ።

ሦስተኛውን ኳስ አስቀምጦ ዱላውን አነሣ። ዱላው ትከሻው ጋ ደረሰ፤ መውረድ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የአዳራሹ በር ተከፍቶ ዶክተር ኢዮስያስ ተሰማ ገቡ።

ከዚያ ቀን በፊት ፈተና ላይ ተገኝተው አያውቁም ነበር። ፈታኞቹ ጠረጴዛቸውን እየያዙ ብድግ አሉ። ከግድግዳው ጋር የነበሩት ግማሾቹ እጅ ነሡ፤ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ጽዳት ሠራተኛ ከጥግ «ኖር!» ብላ ጮኸች። ባሮክ አላሰበም። ማሰቢያ ጊዜም አልነበረውም። እናቱ በአራት ዓመቱ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥ እያለች ስትቆነጥጠው ያደገ አካል ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በኮሪደር አለቃ ሲያልፍ ግድግዳ ተለጥፎ የጎበጠ አካል ነው። ዱላው ገና በመውረድ ላይ እያለ፣ ዳሌው ገና እየዞረ እያለ፣ ራሱና ትከሻው ወደ ዳይሬክተሩ አቅጣጫ ጎንበስ አሉ፤ ግራ እግሩም ለአክብሮት ቀጥ ብሎ ተገጠመ፣ ዳሌውም ባለበት ቆመ።

ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ድምፁን የሰማው እሱ ብቻ ነው። ኳሱ ተንከባልሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ማሽኑ ዘጠና ሰባት ሰጠ።

ከዚያ ጭብጨባው ጀመረ። ዘጠና ሰባት ከዚያ በፊት ማንም አግኝቶ አያውቅም፤ ራሳቸው ዶክተር ኢዮስያስ ባለፈው ዓመት ሲለኩ ዘጠና አምስት ነበር ያገኙት፣ እሱንም ማሽኑ ተሳስቶ ነው ተብሏል። ዳይሬክተሩ እያነከሱ መጥተው ባሮክ አጠገብ ቆሙ።

«አያችሁልኝ?» አሉ ወደ ፈታኞቹ ዞረው፣ በአንገታቸው ሳይሆን በመላ አካላቸው እየዞሩ። «ያቺን ትህትና አያችኋት? ሰባት ዓመት ሙሉ ሠራተኛው እግሩን ብቻ ሲኮርጀኝ ኖረ። ልቡ የገባው ይኼ ሰው ነው። ስምህ ማን ነው?»

ባሮክ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ቆሟል። ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እንደ ጎበጠ ነው፤ ቀና ማለት አልቻለም። ይህንንም ሁሉም ሰው ትህትና መሰለው።

«ባሮክ፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

«ቤቱን ይያዝ» አሉ ዶክተር ኢዮስያስ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ባሮክ ወደ ምንጣፉ።

ለአሸናፊነቱ ክብር ሲባል ከከረጢት ተሸካሚዎቹ ማሽኖች አንዱ እስከ ቤቱ ድረስ ዱላውን እንዲያደርስለት ታዘዘ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ከፊት ይሄዳል፣ ባሮክ በአጥር እየተደገፈ ከኋላ ይከተላል። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ። ማሽኑም በትዕግሥት ዱላውን ተሸክሞ ቆሞ ጠበቀው።

ሶስና ዜናውን ስትሰማ አላለቀሰችም። ካርቶኖቹን አየች፣ እሱን አየች፣ «ጎንበስ አልክላቸው?» አለች ብቻ። የዚያን ዕለት ማታ ጎረቤት መጥቶ አስተኛት።

በማግስቱ ፀሐይ እንደ ወትሮው በበሩ ገባች። ባሮክ ተነሣ፣ ግድግዳውን ይዞ አልጋዋ ጋ ደረሰ፣ ጉልበቱን ከጉልበቷ አጋጠመ፣ እጁን በብብቷ ሥር አሳለፈ። «አንድ» አለ። «ሁለት» አለ። እግሩ ከዳው። እሷን እንዳትወድቅ አልጋው ላይ መልሶ ለቀቃትና እሱ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ጣሪያውን እያየ ቀረ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ባሮክ?»

«አለሁ።»

«መነሣት ትችላለህ?»

«ቆይ ትንሽ።»

ቆዩ። እሷ አልጋ ላይ፣ እሱ መሬት ላይ። ቤቱ የእነሱ ነበር፤ ምድር ቤት፣ ፀሐይ ያለው፣ እስከ ጡረታ ድረስ። ፀሐይዋ ሶስና የምትቀመጥበት በር ላይ ሆና ባዶውን ወንበር ታሞቃለች።

ስልኩ ጠራ። ኮመዲኖው ላይ ስለነበር ሶስና በግራ እጇ ተንጠራርታ ከፈተችው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«የአቶ ባሮክ ቤት ነው? ኢዮስያስ ነኝ፣ ዋና ዳይሬክተሩ።»

ሶስና መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት ከታች የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማች። አንገቷን አስግጋ አየች። ባሮክ ጥርሱን ነክሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በክርኑ ወለሉን እየገፋ ትከሻውን ከመሬት እያነሣ ነበር።

«ከሰኞ ጀምሮ ጣሪያው ላይ ከፊት እንዲቆም ወስነናል» ይላል ስልኩ። «አዲስ ገቢዎቹን ሰባተኛውን አንቀጽ እሱ ነው የሚያስተምርልን።»

«ተኛ!» አለች ሶስና። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ራሷም አላወቀችውም። «ተኛ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ! አያዩህም እኮ!»

ባሮክ ግን በክርኑ ተደግፎ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ እንዳለ፣ ዳይሬክተሩ ስልኩን እስኪዘጉ ድረስ ጠበቀ።